አልሞላንም

በዚያ ዓመት በረዶው ከወቅቱ ቀድሞ መጣ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲወርድ ዋለ፤ ሲያባራ የከተማው መስኮት ሁሉ ረግፎ ነበር። አባቴ መስታወት ገጣሚ ነውና ጎረቤቶቻችን «ለእናንተስ ሲሳይ ወረደላችሁ» አሉን። አልወረደልንም። ጎርፉ ድልድዩን ይዞት ሄደ፤ መስታወት የሚያመጣልን መኪናም ማዶ ቆሞ ቀረ። ሰው መስኮቱን በጆንያና በካርቶን ደፈነ። ከዚያ ብርዱ ገባ። ከብርዱ ጋር ሳል መጣ፤ ሳሉም ከሽማግሌዎች ጀመረ።

አያቴን የወሰደው ያ ሳል ነው።

በከተማዋ ውስጥ ጥቂት አይሁድ ነበርን። ምኩራባችን ከአጎቴ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ በስተጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ የሚያጨስ ምድጃ፣ የሕጉ ጥቅል የሚቀመጥበት ቁምሳጥን። በእኛ ሕግ የጋራ ጸሎት የሚጸለየው አሥር ወንዶች ሲሟሉ ነው። አሥር ካልሞላ ሁሉም በየግሉ አጉረምርሞ ይወጣል። ሐዘንተኛ ስለ ሟቹ የሚለው ጸሎትም እንደዚያው ነው፤ ያለ አሥር ሰው አይባልም። ልጅ ደግሞ ለአባቱ ያን ጸሎት ሊል ግድ ነው። ካላለ ዕዳ ሆኖ ይቀመጥበታል።

ከበረዶው በፊት ሰው ይተርፈን ነበር። ሳሉ የወሰደውን ወስዶ፣ ድልድዩ የለየውን ለይቶ፣ ዘጠኝ ሆንን። እኔ በአያቴ የሐዘን ሳምንት ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላኝ። አሥራ ሦስት የሞላው ወንድ ይቆጠራል። ስለዚህ በእኔ ቤት ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ አባቴና አጎቴ ለአባታቸው ይጸልያሉ፣ አሥረኛው ደግሞ እኔ ነኝ። በሐዘን መሐል ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ደስ አለኝ።

ሰውን በቁጥር መቁጠር በእኛ ዘንድ ክፉ ነው። በቁጥር ፈንታ አሥር ቃል ያላት አንዲት የመዝሙር ስንኝ አለችን። ቆጣሪው ለአንድ ሰው አንድ ቃል ይጥላል፤ ስንኟ ካለቀች ሞልተናል ማለት ነው። የምኩራቡ ቆጣሪ አጎቴ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በትልቅ ከተማ ሕግ ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሰዓት ሲያይ የሚያጠልቃት አንድ ዓይን መነጽር ጉንጩ ላይ ክብ ምልክት ያወጣችበት ሰው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አጎቴ በአገጩ እየጠቆመ ቃሎቹን ጣለ። ከራሱ ጀመረ። ቆዳ ነጋዴው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አባቴ፣ ሌሎቹም ቃላቸውን አገኙ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አፉን ገጥሞ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ምነው?» አለ ቆዳ ነጋዴው። ወፍራም ነው፤ አፉ አያርፍም። «የሚመጣ ሰው አለ እንዴ? ከሌለ እኔን ለሁለት ቁጠረኝና እንገላገል። ሚዛን ላይ ብወጣ አላሳፍርህም።»

ማንም አልሳቀም። አጎቴ «አልሞላንም» አለ። ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ አጎቴ የመጨረሻዋ ቃል ጠፍታበታለች። አባቱ ሞቶበታል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ቃል ቢጠፋበት ምን ይገርማል? አዘንኩለት። በሁለተኛውም ቅዳሜ እዚያችው ላይ ሲደርስ ቆመ። እንግዲህ ማንም ሊያስታውሰው አልደፈረም ብዬ አሰብኩ፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸውና ይሉኝታ ይዟቸዋል። እኔ ሳምንቱን ሁሉ ቃሏን ስደጋግም ሰነበትኩ። አባቴ ጋ መስታወት ስይዝም፣ ውሃ ስቀዳም እላታለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አጎቴ እኔ ዘንድ ደርሶ አፉን ሲገጥም ቃሏን ጮክ ብዬ አልኳት። ድምፄ ያኔ እየተለወጠ ነበርና መሐል ላይ ተሰበረች።

አጎቴ ዙሪያውን ቃኘ።

«ማን ተናገረ?»

«እኔ ነኝ አጎቴ። የመጨረሻዋ ናት። የጠፋችብዎ መስሎኝ ነው።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አልጠፋችብኝም» አለ። ከዚያ ለሁሉም፣ «አልሞላንም።»

አባቴ የጸሎት ልብሱን አጠፈ። ክንዴን ይዞ ወደ ግቢው አወጣኝ። አጎቴ ተከትሎን ወጣ። ወንድማማቾቹ በረዶው ላይ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ከአፋቸው ጭስ ይወጣል።

«ልጄን በሰው ፊት!»

«እኔ ነኝ ያዋረድኩት? እያወቅህ እጁን ይዘህ ያመጣኸው አንተ ነህ።»

«ጋሼ፣ እናቱ በሦስት ዳኞች ፊት ገብታለች። ይሄን አንተም ታውቃለህ።»

«ከሦስቱ አንዱ በሰንበት ጋሪ ተሳፍሮ ታይቷል። ሰንበት የሚሽር ሰው ምን ዳኛ ነው?»

«ማን አየው?»

«ታይቷል።»

«ማን አየው ነው የምልህ!»

«ሰዓት ወይ ይሄዳል ወይ ቆሟል» አለ አጎቴ። «ትንሽ ትንሽ ይሄዳል የሚባል ሰዓት አይቼ አላውቅም። ለእኔ የሚቀለኝ ይመስልሃል? የሞተው የእኔስ አባት አይደል?»

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት «በዳኞች ፊት ገብታለች» የሚለውን ነው። በዳኞች ፊት የሚገባ የት ይገባል? እስር ቤት። እናቴ ታስራ የተፈታች ሴት ናት አልኩ። ለካ አጎቴ ቤታችን ሲመጣ ምግብ የማይቀምሰው፣ ብርጭቆ የማይነካው ለዚህ ነው! ለካ የእናቴ ወገን የሚባል አንድም ቀን በራችንን ያልረገጠው ለዚህ ነው!

ቤት ስገባ እናቴን አዲስ ሰው አድርጌ አየኋት። ሰንበት ነውና እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። እሑድ ጠዋት ስቱኮ ስታቦካ አገኘኋት። የኖራ ዱቄትና የተልባ ዘይት አደባልቃ እንደ ሊጥ ታሸዋለች፤ መስታወቱ ከመስኮቱ እንጨት ጋር የሚያያዘው በዚያ ነው። እጇ ሁልጊዜ የተልባ ዘይት ይሸታል።

«እማ» አልኳት፣ «ምን ሰርቀሽ ነው?»

ማሸቱን አቆመች። አየችኝ።

«አባትህን» አለች።

አባባሏ የቀልድ አልነበረም፤ ወይም ቀልድ መሆኑን እኔ አላወቅሁም።

አሁን የማውቀውን ልናገር። እናቴ ከእኛ ወገን አልተወለደችም። አይሁድነት በእኛ ዘንድ በእናት ነው የሚተላለፈው፤ አባት ቤት ይሰጣል፣ ስም ይሰጣል፣ ይህን ግን አይሰጥም። ከውጭ የምትመጣ ሴት ሕጉን ተምራ፣ በሦስት ዳኞች ተመርምራ፣ ውሃ ውስጥ ገብታ ትወጣለች። ከወጣች በኋላ እንደማንኛችንም ናት፤ የምትወልደውም እንደዚያው። እናቴ ከመጋባታቸው በፊት ሌላ ከተማ ሄዳ ይህን ፈጽማለች። ከዚያ ወዲያ በከተማችን እንደ እሷ ሕግ የጠበቀ አልነበረም። አርብ መብራት ቀድማ የምታበራ እሷ ናት። ትል እንዳይኖርበት ጥራጥሬ ፍሬ በፍሬ የምትለቅም እሷ ናት። የአጎቴ ሚስት፣ የዘር ሐረጓ እስከ ነቢያት የሚቆጠርላት፣ በሰንበት ማንም አላየኝም ብላ እሳት ስትቆሰቁስ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷን ግን የሚጠይቃት የለም።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት እናቴ የኖራ ዱቄት እንዳመጣ ላከችኝ። ስመለስ ምድጃው ሥር ብርድ ልብስ ተከናንባ አገኘኋት። ፀጉሯ ርሷል፤ ጫፍ ጫፉ ደርቆ እንደ ሽቦ ቆሟል። ከንፈሯ ጠቁሯል። የአጎቴ ሚስት እግሯን ታሽላታለች፤ አዋላጇ ሴትዮ ትኩስ ነገር ታጠጣታለች።

ጣሏት፣ አልኩ በልቤ። ወንጀሏን ቆፍረው አውጥተው ውሃ ውስጥ ጣሏት። ያቺን ቃል ባልናገር ኖሮ ማንም አያስታውሳትም ነበር።

«ምን አደረጋችኋት!» ብዬ የአጎቴን ሚስት ጀርባ በጡጫ መታሁ።

«አረ ይሄ ልጅ! እንኳን ደስ አለህ ይባላል እንጂ ሰው ይመታል?»

«ዝም በይው» አለች እናቴ፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ና አንተ። ና ሙቀኝ። ማንም አልነካኝም። በእግሬ ነው የሄድኩት።»

በእግሯ ነው የሄደችው። ከምኩራቡ ጀርባ ከምንጭ የሚሞላ ደረጃ ያለው ጉድጓድ ነበር። አጎቴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳኛ ሆነው ከበሩ ውጭ ሲያዳምጡ፣ ሴቶቹ ከውስጥ እያዩ፣ በመጥረቢያ በረዶውን ሰብረው አስገቧት። የራስ ፀጉር ሳይቀር መስጠም አለበት። ሁለተኛዋ ነው። አባቴን አላስፈቀደችም። የሞቱት አማቷ ናቸው፤ በመጨረሻው ሳምንት ውሃ የሚያጠጣቸው ከእሷ በቀር አልነበረም፤ የሚጸልይላቸው እንዳያጡ ብላ ነው።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ቤታችን መጣ። ፊቱ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ተቀመጠ። እናቴ ሻይ ሰጠችው፤ ጠጣ። ከእጇ ሲቀበል የመጀመሪያው ነው። አባቴ ግን በክፍሉ ጥግ የሥራ ገበታው አጠገብ ቆሞ ከትልልቅ ስባሪዎች ትንንሽ መስኮት ይቆርጣል። ነገሩን ሰምቶ ነበር፤ ወሬው ከአጎቴ ቀድሞ ቤታችን ገብቷል። በመቁረጫው አልማዝ መስታወቱን ጫረ፤ ቀጭን ድምፅ ሰጠ፤ በሁለት እጁ ይዞ ቀጭ አደረገው። ቀና አላለም።

«መስታወት ሁለት ጊዜ አይጫርም» አለ።

እኔም ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው። መስመሩ አንዴ ከተጫረ በቃ። አላመንኩትም ብለህ ደግመህ ከሄድክበት መስታወቱ በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል፤ አልማዙም ይበላሻል።

«በል ተወው አሁን» አለ አጎቴ ለስለስ ብሎ። «የሷ አልቋል። የቀረው ልጁ ነው። ነገ ጠዋት እሱም ውሃ ይግባ፤ በሰንበት ሞላን ማለት ነው።»

አባቴ አልማዙን አስቀመጠ።

«ልጄ ምን ጎድሎት?»

«የተወለደው ከመግባቷ በፊት ነዋ።»

«ገብታ ነበር!»

«እንግዲህ ያ አጠራጣሪ ነው ብለናል። አጠራጣሪውን እናስወግድ ነው የምልህ። አንድ አፍታ ነው፤ ብቅ ጥልቅ ብሎ ይወጣል።»

«ነገ እሱ ከገባ» አለ አባቴ፣ «እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ የነበረችው ሴት ማን ናት? ይሄ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ የተገረዘው ምን ሆኖ ነው? አባታችን አቅፎት የነበረው ማንን ነው? ለአንተ አንድ አፍታ ነው። ለእኔ ትዳሬ ነው።»

«እኔስ?» አለች እናቴ ከምድጃው ሥር። «እኔ ገባሁ አይደል? ምን ጎደለብኝ? ውሃ ነው፤ ልጄን አይገድለውም።»

«አንቺማ ገባሽ። ሳትጠይቂኝ።»

«ብጠይቅህ እምቢ ትላለሃ!»

«እምቢ ነው የምለው!»

አጎቴ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አኖረ። «ሌላ ሰው ቢሆን እለምነው ነበር» አለ። «አንተን መለመን ውሃ መውቀጥ ነው።»

«አትለምነኝ። ቁጠረው።»

«አልችልም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እናቴ። «እናንተ ደግሞ ሁለት ሞኝ። እናንተ ስትጠባበቁ አባታችሁ መቃብር ውስጥ ይጠብቅ።»

አጎቴ ተነሥቶ ወጣ።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። ሁሉም ስለ እኔ ይናገራሉ፤ እኔን ያየ አንድም የለም። ያኔ የተረዳሁት አባቴ ከወንዶቹ ጋር እንድቆጠር አለመፈለጉን ብቻ ነው። ያፍርብኛል አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ልብሴን መንገድ ላይ እያወለቅሁ እሮጥ ነበር። ዛሬ አርጅቼም ያ ነገር ሲታወሰኝ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ በየሰንበቱ ዘጠኝ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቁጭ ይላል፣ አሥረኛው አጠገባቸው ቆሟል፣ አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ያልቃል። አልከፈተም። ሌላውም ልጁን አልሰጠም። ሁለቱም ልክ ነበሩ ይሉኛል ሕግ የሚያውቁ ሰዎች። ሁለት ልክ ሰዎች አንድ አባት ያለ ጸሎት አስቀሩ።

ድልድዩ እስኪጠገን ለሐዘን ጸሎት የተወሰኑት አሥራ አንዱ ወራት አለፉ። እኛም ከተማውን ለቀን ከእኛ ወገን ማንም ወደሌለበት ሄድን። ወንድማማቾቹ ዳግመኛ አልተነጋገሩም። አጎቴ ከሞተ በኋላ ሚስቱ አንድ ቀን አግኝታኝ አለቀሰች። «አጎትህ ክረምቱን ሙሉ በእንቅልፉ ይቆጥር ነበር» አለችኝ። «ያቺን የመጨረሻ ቃል ሊል ይቃረብና ጥርሱን ገጥሞ ይነቃል። ጠልቶህ እንዳይመስልህ ልጄ።» ጠልቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የጠላህን ሰው ቢያንስ መልሰህ ትጠላዋለህ።

አባቴ ሲሞት የጸሎቱን ቃል በቃሌ አስጠንቶኝ ነበር። «ያባት ዕዳ ለልጅ ነው» አለኝ። «ለአባቴ ያላልኩት አለብኝ። አሥር ሰው ካገኘህ በልልኝ።» እናቴ ከእሱ በኋላ ብዙ ኖረች። አርብ አርብ መብራቷን እያበራች፣ በዚያ ማንም በማያውቃት ሰፈር። ስትሞት ብቻዬን ቀበርኳት። እሷ ምንም አላለችኝም፤ በልልኝ የማለት መብት እንዳላት እንኳ የምታስብ አይመስለኝም። የማን ዕዳ እንደሚከብደኝ ግን እኔ አውቃለሁ።

አሥር ሰው ያለበት ከተማ አልፌ ሄጄ አላውቅም አልልም። ሄጃለሁ። ምኩራብ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም። እዚያ ሳለሁ አንድ ሰው በአገጩ እየጠቆመ እኔ ዘንድ ሲደርስ አፉን ሲገጥም ይታየኛል።

ባለፈው ዓመት ዓይኔን ለማሳከም ትልቅ ከተማ ሄድኩ። ሐኪም ቤቱ ለማግስቱ ቀጠረኝና መንገድ ላይ ስንከላወስ አንድ የሊፍት ጠጋኝ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ከአንድ በር ብቅ ብሎ እጅጌዬን ያዘኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ አይሁድ ነዎት? አንድ ሰው ጎድሎን ነው። ለሥራ እየረፈደብን ነው።»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መንገድ ላይ ተጠይቄ አላውቅም። «አባቴ ነበር» አልኩት።

«እናትዎስ?»

«እሱ ነው ነገሩ» አልኩ፤ ልሄድም ዞርኩ።

«ይግቡ፣ ይግቡ፤ ከውስጥ ሽማግሌ አሉ፤ ለሳቸው ይንገሩ» ብሎ እየጎተተ አስገባኝ።

ሽማግሌው ከእኔ ይበልጣሉ። ቆሜ ሁሉን ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያውን ውሃ፣ ሁለተኛውን ውሃ፣ ጋሪውን፣ አጎቴን። ምንም አልደበቅሁም። ሰዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ስጨርስ ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እርስዎ ከመወለድዎ በፊት በሦስት ዳኞች ፊት ገብታለች?»

«ገብታለች።»

«አይተዋል?»

«አልተወለድኩም እኮ። እንዴት አያለሁ? የነገሩኝን ነው።»

«እኔም እናቴ ስትወለድ አልነበርኩም» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ ሁሉ የቆመው ሰው እናቱ ማን እንደሆነች የነገሩትን ነው ይዞ የቆመው። ሕግ ጠብቃ ኖራለች?»

«ከማውቀው ሰው ሁሉ በላይ።»

«እንግዲህ ምን ቀረ? ይቁሙ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ይህን ያህል ነበር? የዕድሜ ልክ ነገር ጎረምሶቹ ሰዓታቸውን እያዩ የሚያልቅ ነበር? ለአባቴ፣ ለአጎቴ፣ በረዶ ተሰብሮ ለገባችው ሴት ይህን የሚል አንድ ሽማግሌ ጠፋ? ልጮህባቸው ቃጣኝ። በማን ላይ እንደምጮህ ስላላወቅሁ ቆሜ ጸለይኩ።

በጸሎቱ ማለቂያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ሐዘን አለብዎ?»

«አያቴ አሉ። የአባቴ ዕዳ ነው፤ ብዙ ቆይቷል። አባቴም አለ። እናቴም።»

«ስማቸውን ይጥሩ። እናትዎ ማን ይባላሉ? የማን ልጅ?»

ስሟን ነገርኳቸው። የአባት ስም ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ። ከውጭ የመጣ ሰው በእኛ ምኩራብ አባቱ ተብሎ የሚጠራለት አንድ ነው፤ ያን ስም የሰማ ሁሉ ከውጭ መምጣቷን ያውቃል።

«የአባታችን የአብርሃም ልጅ» አልኩ።

ጎረምሳው ሊፍት ጠጋኝ ቀና አለ። ሽማግሌው ግን ፈገግ አሉ።

«ታዲያ ምን ያንሾካሹክዎታል? እኛ የልጅ ልጅ የልጅ ልጆቹ ነን፤ ስንት ትውልድ ቆጥረን ነው እሱ ዘንድ የምንደርሰው። እሷ ግን ልጁ ናት። እሷ ትቅደም። አያትዎ ይህን ያህል ጠብቀዋል፤ ትንሽ ቢታገሡ ምን ይላሉ?»

የእናቴን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። ከእሷ ቀጥሎ አያቴን፣ ከዚያም አባቴን። ከዚያ አባቴ ያስጠናኝን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልሳሳት አልኩት፤ ዘጠኙም ሰዎች «አሜን» አሉ።